የአፊፋ ደብተር ያልቆጠረው

«ዘጠኝ» አለች ኩብራ፣ በአፊፋ ትከሻ ላይ ደብተሩን አጮልቃ እያየች። «ዘጠኝ ኳስ ነጥቄያለሁ። አመተ ማርያምስ?»

«ምንም።»

«በቃ፣ ናዝሬት ገባሁ በይኛ።»

አፊፋ ደብተሩን ከደነችው። እግሯን ወለም ካላት ወዲህ ሜዳ ዳር ተቀምጣ የሴቶቹን የቅርጫት ኳስ ልምምድ የምትመዘግበው እሷ ናት። ናዝሬት ለሚደረገው የክፍለ ሀገሩ ውድድር ከሚሄዱት አስር ልጆች ዘጠኙ ታውቀዋል። የቀረችው አንዲት ተከላካይ፣ ኩብራ ወይም አመተ ማርያም፣ ዛሬ በሂስና ግለ ሂስ ትመረጣለች፤ እያንዳንዷ ተነስታ መጀመሪያ የራሷን ድክመት ትናገራለች፣ ከዚያ እጅ ይወጣል።

በተሰበረው የክፍል መስኮት የደብረ ብርሃን ንፋስ ይገባል። ልጆቹ የሹራባቸውን እጅጌ እስከ ጣታቸው ጎትተው ተቀምጠዋል።

ኩብራ ተነሳች። «ድክመቴ እልህ ነው። ኳስ ሳይ አያስችለኝም፣ እነጥቃለሁ።»

«ይሄ ድክመት ነው ጉራ?» አለች መሊካ፣ የቡድኑ ዋና አግቢ። ክፍሉ ሳቀ።

አመተ ማርያም ቀጠለች። «እኔ ኳስ አልነጥቅም። ድክመቴ ነው» ብላ ቁጭ አለች።

ለአፊፋ ይሄ አልተዋጠላትም። ናዝሬት መሄድ የፈለገ ሰው እንዴት እንዲህ በቀላሉ ያምናል? ወይ ንቃናለች፣ ወይ እኛ የማናውቀውን ታውቃለች። ደብተሩን ገለጠች። የነጠቃውን ዓምድ ትታ የመሊካን ነጥብ ፈለገች። ኩብራ በጠበቀቻት ማክሰኞና ሐሙስ፣ አስራ ሁለትና አስራ አራት። አመተ ማርያም በጠበቀቻት ቅዳሜ ሁለት፣ ሰኞ ባዶ።

ወደ መሊካ ጠጋ አለች። «ሰኞ አሞሽ ነበር እንዴ?»

«ምን ያመኛል?» መሊካ በአገጯ ወደ አመተ ማርያም ጠቆመች። «እሷን ጠይቂያት። የትም ብሄድ ቀድማኝ ትቆማለች፤ ማን ኳስ ይሰጠኛል?»

«ኩብራስ?»

«አንዴ ትነጥቀኛለች፣ ሶስቴ አልፋታለሁ። እጇን ስትሰድ እግሯ ይቀራል።»

ጥርጣሬው ወደ አፊፋ ወደ ራሷ ዞረ። ወደ መሊካ ሳይወረወር ለቀረ ኳስ ዓምድ አላሰመረችም። ከዘጠኙ ነጠቃዎችም ሁለቱ፣ ሐሙስ ዕለት አቧራው ተነስቶ ማን እንደነጠቀ ሳይታይ፣ ኩብራ «የኔ ነው፣ ጻፊው» ያለቻት ናቸው። ጽፋዋለች።

«እንግዲህ ማስረጃው ደብተሩ ነው፤ ቁጥር አያዳላም» አሉ ስብሰባውን የሚመሩት መምህር ገብረአማኑኤል። «አፊፋ፣ አንብቢልንና እጅ እናውጣ።»

ኩብራ በዴስኩ ስር ጉልበቷን ነካ አደረገቻት። «ዘጠኝ ብቻ በይ» አለች በሹክሹክታ። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተቀመጡት አንድ ዴስክ ላይ ነው።

አፊፋ ዴስኩን ተደግፋ ተነሳች። ደብተሩን ዘጋችው።

«ጋሼ፣ ከማንበቤ በፊት እኔም ግለ ሂስ አለኝ» አለች።

ኩብራ ወደ ዴስኩ ጫፍ ስትሸሽ ተሰማት። ዞራ አላየቻትም።