ስልሳ አራት የተባለው ታብሌት

የኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ባለቤት የሞተው በምሳ ሰዓት፣ በገዛ መጋዘኑ ውስጥ፣ ገና ባልተከፈቱ ካርቶኖች መሀል ነው። ሠራተኞቹ ከምሳ ተመልሰው ቢጠብቁት ቢጠብቁት የለም። ሲደውሉለት ስልኩ ከመጋዘኑ ውስጥ ይጮኻል። ሸሪኩ በሩን ሲከፍት ሰውዬው በግንባሩ ተደፍቷል፤ አጠገቡ የሱቁ ቴክኒሻን ከባድ የኤሌክትሪክ ስታብላይዘር፣ አንዱ ጠርዙ ደም ነክቶት፣ ወድቋል።

ታዲያ ሌላ ማን ይጠየቅ? ስታብላይዘሩ የቴክኒሻኑ፣ ጠዋት ከሟች ጋር ሲጯጯህ የተሰማው ቴክኒሻኑ፣ በምሳ ሰዓት የት ነበርክ ሲሉት «ዝም ብዬ ስዞር ነበር» ከማለት በቀር መልስ ያጣው ቴክኒሻኑ። አፈፍ አድርገው አሰሩት። በአራተኛው ቀን መዝገቡ ኢንስፔክተሯ ጠረጴዛ ላይ የደረሰው ለፊርማ ብቻ ነበር። ስህተቱ ለእሷ መስጠታቸው ነው፤ ይቺ ሴት ያላነበበችውን አትፈርም፣ ያነበበችውንም ቶሎ አታምንም።

«ዛሬ ከሰዓት ዐቃቤ ሕግ ዘንድ መድረስ አለበት» አላት ሳጅኑ።

«እስከዚያ ስንት ሰዓት አለ! ምን አስቸኮለህ?»

«እኔን ምን አስቸኮለኝ፤ አለቃን ነው እንጂ።»

ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የቴክኒሻኑ አባት ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ። አራት ቀን ሙሉ ከዚያ ወንበር አልተነሱም። ኢንስፔክተሯን ሲያዩ ጉልበታቸውን ይዘው ብድግ አሉ።

«ልጄ ቁጡ ነው፤ አልዋሽሽም። ሰው ግን አይገድልም።»

«አባት፣ ሁሉም ወላጅ እንዲህ ነው የሚለኝ።»

«ይበላ! እኔ ከእሱ ሌላ ማንም የለኝም። ዛሬ ይዤው ካልገባሁ ቤቴንም አልፈልገው።»

ምን ትበላቸው? ተስፋ መስጠት አትወድም፤ ስንቱን ሰጥታ ስንቱን መልሳ ነጥቃለች። «እናያለን» ብላ አለፈቻቸው።

የኤግዚቢት ክፍል ገብታ ስታብላይዘሩን በላስቲክ እንደተጠቀለለ አገላበጠችው። ዓይኗ ግን ደሙ ላይ አልቆየም። ከስታብላይዘሩ ሶኬት ላይ አንድ ቻርጀር እንደተሰካ ቀርቷል፤ ገመዱ አንገቱ ላይ ተልጦ በነጭ የቁስል ፕላስተር ተጠቅልሏል።

«ይኼ የማን ነው?»

«የቴክኒሻኑ ይሆናላ» አለ ሳጅኑ። «እሱ ቤት ያልተበጠሰ ገመድ አለ ብለው ነው?»

«ጠይቀኸዋል?»

ሳጅኑ ጣሪያውን አየ። አለመጠየቁ ገባት።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ ፊት ለፊት የመስታወት ባንኮኒ፣ በስተግራ የቴክኒሻኑ ጠረጴዛ፣ በስተኋላ መጋዘኑ። ሸሪኩ የሟች ሚስት ወንድም ነው፤ ወፍራምና ተጫዋች፣ በሐዘኑ መሀል እንኳ ዕቃ መሸጥ የማይተው ሰው። ኢንስፔክተሯ ባንኮኒው ላይ የተደረደሩትን ሦስት ትንንሽ ታብሌቶች ስታይ ወዲያው ተጠጋት።

«ይኼ ትንሹና ርካሹ ነው። ባለ አሥራ ስድስት ጊጋው ስድስት ሺህ፣ ሠላሳ ሁለቱ ስምንት፣ ስልሳ አራቱ አሥራ ሁለት ሺህ።»

«ለእኔ ሦስቱም አንድ ናቸው።»

«መልካቸውማ አንድ ነው፤ የሚለያዩት በሆዳቸው ነው። ምን ያህል ይይዛል ነው ጥያቄው።»

«ለሆድ እጥፍ ይከፈላል?»

«ኧረ ኢንስፔክተር! ሰው ለሆዱ ያልከፈለ ለምን ሊከፍል ነው?» ብሎ ሳቀ፤ ሐዘንተኛ መሆኑ ትዝ ሲለው ደግሞ አፉን በእጁ ያዘ።

በሁለቱ ፊት የዋጋ ወረቀት ቆሟል፤ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት። በስልሳ አራቱ ፊት የለም።

«የዚህኛውስ ወረቀት?»

«እኔ እንጃ፣ ወድቆ ይሆናል። ወረቀቱን የምትጽፈው ሻጫችን እትዬ ናት፤ ሌላ ሰው ከነካባት ትቆጣለች። ዘጠኝ ዓመት አብራን ሠርታለች። እሷ እኮ ስድስት ሺህ ይዞ የገባውን አሥራ ሁለት ሺህ አስከፍላ፣ ያውም አስመርቃ ነው የምታስወጣው!»

«ጠዋት ሟችና ቴክኒሻኑ ምን ሲባባሉ ሰማህ?»

«ልጁ ‹ከእንግዲህ አልነካም!› ይላል፤ አማቼ ‹እስከ ዛሬ ስትነካ የት ነበርክ?› ይለዋል። ምኑን እንደሆነ አላውቅም።» ይህን ሲል ጫማውን ነበር የሚያየው።

እትዬ የሚሏት ሻጯ ሃምሳ ዓመት ገደማ ይሆናታል። ከባንኮኒው ጀርባ ባለ ከፍ ያለ ወንበር ላይ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ድምፅዋ ልስልስ ያለ ነው።

«በምሳ ሰዓት የት ነበሩ፣ እትዬ?»

«ከጎን ካለው ካፌ። ሻይ ጠጣሁ።»

«ደንበኛ ታብሌት ሊገዛ ሲመጣ የትኛውን ይመክሩታል?»

«እኔ ምን አገባኝ፤ የጠየቀኝን ነው የምሸጥለት።» ከዚያ ወደ ኢንስፔክተሯ ጠጋ አለች። «የእናንተ ባለሙያዎች ከእንዲህ ያለ ዕቃ ውስጥ የጠፋ ነገር ይመልሳሉ ይባላል። እውነት ነው?»

«አንዳንዴ ይሆንላቸዋል። ምነው?»

«ለምርመራው የሚጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው» አለች። ፊቷ ግን «አንዳንዴ» የሚለውን ስትሰማ በርቶ ነበር።

በመጋዘኑ ውስጥ ካርቶኖቹ በሙሉ የፋብሪካ ማሸጊያቸው አልተነካም፤ እያንዳንዱ ታብሌት ከነቻርጀሩ ታሽጎ ተቀምጧል። ኢንስፔክተሯ አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች ቆጠረቻቸው። የእትዬን ቃል ሊያጣራ ካፌው የሄደው ሳጅን ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ።

«ሻዩን አዝዛ ሳትነካው ነው የወጣችው። አስተናጋጁ ‹ልጇ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ናት› አለኝ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር አሉ፤ ሁለት ዓመት ሆስፒታል ተመላልሳ አምና ዐረፈች። አንጀቴን በላችው።»

ኢንስፔክተሯ ጣቢያ ተመልሳ ቴክኒሻኑን አስጠራችው። ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ አራት ቀን ያልተላጨ፣ ዓይኑን ከመሬት የማያነሳ ልጅ ነው።

«ይኼ ቻርጀር ያንተ ነው?»

«አይደለም። እኔ ስልክም ታብሌትም የምሞላበት የራሴ ባለ ብዙ ሶኬት ሰሌዳ አለኝ። ስታብላይዘሩን ጠረጴዛዬ ላይ ትቼው ነው የወጣሁት፤ ስንቴ ልንገራችሁ!»

«‹ከእንግዲህ አልነካም› ያልከው ምኑን ነው?»

ልጁ በጫማው ጫፍ ወለሉን ፋቀ።

«ስማኝ፤ አባትህ ውጭ ወንበር ላይ ናቸው። የደበቅኸው ነገር የት እንደሚያደርስህ ታውቃለህ፤ ግድያ ነው የተጻፈብህ።»

«ብናገርም መታሰሬ አይቀርም» አለ። ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ቁጥሩን ነው። ስልሳ አራት ተብለው የሚሸጡት ውስጣቸው አሥራ ስድስት ነው። ሲከፈቱ ስልሳ አራት ብለው እንዲናገሩ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሁለት መቶ አሥር ፍሬ። ያን ቀን ጠዋት ሌላ መቶ መጣ፣ እምቢ አልኩ። ከዚያ ወጥቼ እግሬ እንዳመራኝ ሄድኩ።»

«አሥራ ስድስቱ ሲሞላ ምን ይሆናል?»

«ሞላሁ አይልማ! የቀድሞው ላይ ይጽፍበታል፤ ድምፅ የለው ምን የለው። ፎቶው ስሙ ይታያል፣ ሲከፍቱት ውስጡ የለም።»

ኢንስፔክተሯ ከሱቁ ያስመጣችውን የዋስትና ካርድ ጉርድ ስታገላብጥ ሁለት የምታውቃቸው ስሞች አገኘች። ከዚያ ባለቤቱ በሞተበት ቀን ጠዋት ታብሌት ለገዛ አንድ መምህር ደወለችና አምስት ደቂቃ አወራችው። ስልኩን ስትዘጋ ለረጅም ጊዜ እንደተቀመጠች ቀረች። ገዳዩን ባገኘች ቁጥር ደስ ይላት የነበረው ድሮ ነው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ሸሪኩን፣ ሻጯን፣ በካቴና የመጣውን ቴክኒሻን። ሽማግሌው አባት ተከትለው መጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ፤ ማንም ሂዱ አላላቸውም።

«ከስታብላይዘሩ እንነሳ» አለች። «ሰው ሊገድል የመጣ ሰው ስታብላይዘር ተሸክሞ ገብቶ፣ ግድግዳ ላይ ሰክቶ፣ ቻርጀር አይሰካበትም። ያመጣው ሰው የፈለገው ኤሌክትሪክ ነው። ባትሪው ያለቀ ታብሌት ይዞ ነበር፤ ደግሞ እንዳይቃጠልበት የሚሳሳለት ታብሌት ነው፣ በቀጥታ የግድግዳ ሶኬት ላይ ሊሰካው አልደፈረም። ለሟች የሚያሳየው ነገር ነበረው።»

«ታዲያ የመጋዘኑ ዕቃ ቢሆንስ?» አለ ሸሪኩ።

«የመጋዘኑ ሁሉ ታሽጓል፤ ቻርጀሩ ደግሞ ያረጀ ነው። መጋዘን ደንበኛ አይገባም። ስለዚህ ከሱቁ ሰዎች መሀል ታብሌት የገዛ ሰው ነው። የዋስትና ጉርዱ ላይ ከሱቁ ሰዎች ሁለት ስም አለ። አንዱ አንተ ነህ፤ ለልጆችህ አሥራ ስድስት ጊጋውን ወስደሃል። ሳጅኑ ቤትህ ሄዶ ከነቻርጀሩ አይቶታል።»

ሁለተኛውን አልጠራችም። ሁሉም ግን አንገቱን ወደ ባንኮኒው አዞረ። ሻጯ ቦርሳዋን ይዛ እንደተቀመጠች ናት።

«እትዬ፣ እዚህ ላይ እንኳ ምናለ ብሳሳት ብዬ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ግን አንድ መምህር ስልሳ አራቱን ሊገዛ አሥራ ሁለት ሺህ ቆጥሮ መጣ። እርስዎ ‹ተው ልጄ፣ ሠላሳ ሁለቱ ይበቃሃል፣ እመነኝ› ብለው አራት ሺሁን መለሱለት። የዋጋ ወረቀቱንም አነሱት። ዘጠኝ ዓመት ሰውን ወደ ውዱ ሲያወጡ የኖሩ ሻጭ፣ በዚያች ጠዋት ወደ ርካሹ አወረዱት። ስልሳ አራቱ ውሸት መሆኑን ሰው ሳይሞት በፊት ያውቁ ነበር። ለእኔ ደግሞ የጠየቀኝን ነው የምሸጥለት አሉኝ።»

ሸሪኩ ከባንኮኒው አንድ እርምጃ ራቅ አለ።

«ታብሌቱን ቢጥሉት ኖሮ የምይዘው ነገር አልነበረኝም» አለች ኢንስፔክተሯ ዝግ ባለ ድምፅ። «ግን አልቻሉም። ይመለሳል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ቦርሳው ውስጥ ነው፣ አይደለም?»

ሻጯ ቦርሳዋን ከፍታ ታብሌቱን አወጣች፤ በንጹሕ ፎጣ ተጠቅልሏል።

«ሁለት ዓመት የቀረጽኳት ነው» አለች። «ስትዘፍን፣ ነርሶቹን ስታሾፍባቸው፣ ‹እማ፣ ደግሞ ልትቀርጪኝ ነው?› ስትለኝ። ስልኬ አረጀ፣ ይጠፋብኛል ብዬ ሁሉንም እዚህ ውስጥ አስገባኋት። ስልሳ አራት ነው፣ ትልቁን ግዢ አለኝ ባለቤቱ። ከዚያ ደግሞ ለማስታወቂያ ዕቃዎቹን ሁሉ ፎቶ አንሺ አለኝ፤ በዚሁ አነሳሁ። አራት መቶ ፎቶ። በልጄ ላይ ማቀዝቀዣና ምጣድ ጻፍኩባት፤ በገዛ እጄ!»

«እትዬ…» አለ ቴክኒሻኑ።

«አንተ ዝም በል! ያን ቀን ጠዋት ጠባችሁን ስሰማ ነው ሁሉም የገባኝ፤ በምሳ ሰዓት ሰክቼ ለእሱ አሳየሁት። እያት፣ ስሟ አለ፣ እሷ የለችም አልኩት። ተቆጥቶ ቢሆን፣ ቢክደኝ፣ ቢሰድበኝ እችለው ነበር። እሱ ግን ከልቡ አዘነልኝና ‹አይዞሽ፣ ሠላሳ ሁለቱን ልቀይርልሽ፤ እውነተኛ ነው፣ ልዩነቱንም አላስከፍልሽም› አለኝ።» የፎጣውን ጠርዝ ጨመደደችው። «ከዚያ በኋላ ስታብላይዘሩ እጄ ላይ ነበር።»

«ይኼን ልጅ አራት ቀን ሲታሰር እያዩ ዝም አሉ» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«ቁጥሩን የጻፈው የማን እጅ ነው? ይቅመሳት ብዬ ነው።» ከዚያ ወደ ልጁ ዞረች፤ ቁጣዋ በአንዴ ተንኖ ሄዶ ድምፅዋ ልመና ሆነ። «አንተ ታውቃለህ። ትንሽ እንኳ… ሳቋ ብቻ እንኳ አይወጣም?»

ቴክኒሻኑ እንባው ጢሙ ላይ እየወረደ ራሱን ነቀነቀ። «አይመለስም እትዬ። በላዩ ከተጻፈበት ከሥር የሚቀር ነገር የለም። የእርስዎ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ሞቼ ልገኝ አላውቅም ነበር!»

እትዬ ታብሌቱን መልሳ በፎጣው ጠቀለለችውና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ አልነካችውም።

ሳጅኑ ካቴናውን ከልጁ እጅ ፈትቶ፣ ለእሷ ሲያደርግ ዓይኗን ማየት አልቻለም። አባትየው ደጃፉን አልፈው ገቡ።

«ልጄ ነፃ ነው አይደል? ሰምቻለሁ። በቃ ይዤው ልግባ።»

«ከደም ነፃ ነው፣ አባት» አለች ኢንስፔክተሯ። «ግን ይዘውት አይገቡም። ከግድያው ያወጣው ቃል የራሱ ቃል ነው፤ ያው ቃል ደግሞ ሁለት መቶ አሥር ሰው ማታለሉን ይናገራል። ብዙዎቹ ዛሬም ልጆቻቸውን እያስገቡበት ነው። እኔ እንዳልሰማሁ ልሆን አልችልም።»

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩት። ልጁ አንገቱን ደፋ። ወደ ኢንስፔክተሯ ሊመለሱ አሉና ሐሳባቸውን ቀየሩ፤ ሻጯ ፊት ሄደው ቆሙ።

«እመቤቴ፣ በፈጣሪ ይሁንብሽ፣ አንቺ እንኳ ይቅር በይው።»

«ልጅዎ አለልዎት አይደል?» አለቻቸው። «ቢታሰርም ሄደው ያዩታል። ‹አባዬ› ሲልዎት ይሰሙታል።»

ሽማግሌው ሄደው ከልጃቸው አጠገብ ቆሙ። ሸሪኩ ሱቁን ሊዘጋ ሲል ኢንስፔክተሯ ቁልፉን ከእጁ ወሰደችበትና እሱም ስለ ሐሰተኞቹ ታብሌቶች ቃሉን ለመስጠት ነገ ጠዋት ጣቢያ እንዲቀርብ ነገረችው። መንገዱ ላይ የመጣላቸው የፖሊስ መኪና አንድ ብቻ ነበር። ሻጯና ቴክኒሻኑ ከኋላ ጎን ለጎን ተቀመጡ።