የኋላው ክሮቼራ

መካኒኩ ዘይኑዲን ከጭነት መኪናው ሥር ተንፏቅቆ ወጣና መዳፉን ዘረጋ። መዳፉ ላይ ቀይ የዝገት ዱቄትና የተሰባበሩ፣ መርፌ የሚያክሉ ብረቶች ነበሩ።

«የኋላው ክሮቼራ ነው» አለ። «ደርቆ ነው የተሰበረው። ግራሶ የሚባል ቅባት የለበትም።»

ልጁ ኡሙሰልማ የመፍቻ ሳጥኑን እንደታቀፈች ዓይኗን ከአባቷ መዳፍ ላይ አነሳች።

መኪናው እህል እንደጫነ ዋጃ ሳይደርስ ደረቁ ወንዝ ውስጥ ከቆመ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ የኋላ ጎማዎቹን የሚያሽከረክረው ረጅሙ ሻፍት ክሮቼራ በሚባለው መጋጠሚያው ላይ ተሰብሮ አሸዋው ላይ ወድቋል። ጊዜው ጥቅምት 1966 ነው። በራያ ቆላ ማሽላው ከጉልበት ከፍ ሳይል ደርቆ ቀርቷል፤ ዋጃ የተሰበሰበው ሕዝብ የሚጠብቀውም ይህንኑ መኪና ነበር።

ሾፌሩ አያሌው ወደ ረዳቱ ወደ ደምሴ ዞረ።

«ግራሶውን እይ ብዬህ አልነበረም?»

«ጋራዥ ተሠርቷል ሲሉኝ ነው የተውኩት፣ ጋሼ።»

«ተሠርቷል» አለ ዘይኑዲን። «ልጄ ናት የሠራችው። የሷን እጅ አውቀዋለሁ፣ አትሳሳትም።»

«እንግዲያው የሰበርከው አንተ ነህ» አለ አያሌው። «መሪውን ባስይዝህ አሸዋው ውስጥ እንደፈለግህ አንገጫግጨህ ግራሶውን አስተፋኸው። ዋጃ ስንደርስ ጓዝህን ይዘህ ትወርዳለህ።»

ደምሴ ሃያ ዓመት አልሞላውም፤ ቆቦ ላይ እናቱና ሁለት እህቶቹ የእሱን እጅ ነው የሚያዩት። ሄዶ ወንዙ ዳር ጀርባውን ሰጥቷቸው ተቀመጠ።

ኡሙሰልማን «አትሳሳትም» ያለው የአባቷ ቃል ከስድብ በላይ አመማት።

ከሦስት ቀን በፊት ነው፤ ቆቦ፣ አባቷ ጋራዥ። አባቷ የግራሶውን ፓምፕ ሰጥቷት «የፊቱንም የኋላውንም» ብሏት ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሁልጊዜ የምትሠራው ሥራ ነው። የፊቱን በደንብ ቀባችው። ከዚያ በጀርባዋ እየተንፏቀቀች ወደ ኋላ ስትሄድ፣ ከጎማው አጠገብ በመኪናው ጥላ የተኙ ሰዎች አየች። ከገጠር በእግራቸው የመጡ ነበሩ። ከነሱ አንዷ ጌጤ ናት።

ጌጤ እስከ ሚያዝያ ድረስ አንድ ዴስክ ላይ አብራት ስትማር ነበር። ሒሳብ ላይ ኡሙሰልማን ያስኮረጀቻት፣ መምህሩ ሲያዩአቸው ደግሞ ጥፋቱን ለብቻዋ የወሰደች ልጅ ናት። አሁን ጉንጯ ጎድጉዷል፤ ትንሽ ወንድሟ ክንዷ ላይ ተኝቷል። ዓይኖቿ ተከድነው ነበር።

ኡሙሰልማ ያን ቀን ጠዋት ቁርሷን በልታ ነው የወጣችው። ጌጤ ዓይኗን ብትገልጥ ምን እንደምትላት አታውቅም። የኋላውን ሳትነካው፣ ድምፅ ሳታሰማ በመጣችበት ተመለሰች። አባቷ ሲጠይቃት «ሁለቱንም ቀብቻለሁ» አለች።

«ነይ፣ መርፌዎቹን ደርድሪልኝ» አላት አሁን ዘይኑዲን፣ አሸዋው ላይ ተቀምጦ።

ከአሮጌ መኪና የፈታውን ክሮቼራ ከቆቦ ይዞ መጥቶ ነበር፤ የመስቀል ቅርጽ ያለው ብረት ሆኖ አራት ቆብ አለው። በየቆቡ ውስጥ ቀጫጭኖቹ ብረቶች በግራሶ ተጣብቀው ዙሪያውን መቆም አለባቸው። አንዱ ከተጋደመ ቆቡ አይገባም። ኡሙሰልማ ጣቷን ግራሶ ውስጥ እየነከረች አንድ በአንድ አቆመቻቸው። ሁለት ጊዜ ወደቁባት።

«ምን ሆነሽ ነው የሚወድቁብሽ?»

«ምንም።»

በዚህ መሃል ከዋጃ በኩል ሰዎች መጡ። አሥር ይሆናሉ። ወደ ጆንያዎቹ አልተጠጉም፤ ራቅ ብለው አሸዋው ላይ ተቀመጡ። አንዲት አሮጊት ብቻ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀረቡ።

«ልጄ፣ ዛሬ ይነሳል?» አሏት።

«ይነሳል፣ እማማ።»

«ትናንትም ይመጣል ብለውን ነበር።» የተናገሩት ለወቀሳ አልነበረም። ተመልሰው ከሌሎቹ ጋር ተቀመጡ።

ኡሙሰልማ የያዘችውን ቆብ ጨርቅ ላይ አስቀመጠችው።

«አባ፣ የኋላውን አልቀባሁትም።»

ዘይኑዲን መዶሻውን እንደያዘ ቆመ።

«ጌጤ እዚያ ተኝታ ነበር። አብራኝ የምትማረው። እንዳታየኝ ብዬ ተመለስኩ። ከዚያ ዋሸሁህ።»

አባቷ መዶሻውን አሸዋው ላይ አስቀመጠ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። «ለአያሌው እኔ ልንገረው ወይስ አንቺ ትነግሪዋለሽ?» አለ በዝግታ።

እጇን በጨርቅ ጠረገችና ወደ አያሌው ሄደች። ደምሴም እንዲሰማ ከሁለቱ መሃል ቆማ ተናገረች። ጌጤን አይታ መመለሷንም፣ መዋሸቷንም አልደበቀችም። አያሌው አንዴ እሷን፣ አንዴ አባቷን አየ። ከዚያ ደምሴን «ተነስ፣ ክሪኩን ያዝ» አለው። ደምሴ አላመሰገናትም። በአጠገቧ ሲያልፍ ግን ቆም አለ።

«የኋላ ጎማው ጋ የነበረችውን ነው ያልሽው? ከወንድሟ ጋር?»

«አዎ።»

«መኪናው ወዴት ነው የሚሄደው አለችኝ። ዋጃ አልኳት። በእግራቸው ቀድመውን ወጡ።»

ኡሙሰልማ ቀና ብላ ጆንያዎቹን አየች። ጌጤም ትናንት ዋጃ ሆና ይህንኑ መኪና ስትጠብቅ ውላለች።

ሻፍቱን ያጋጠሙት ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ነው። ዘይኑዲን የፓምፑን አፍ ገጥሞ እጀታውን ለሷ ተወላት። አሮጌው ግራሶ በአራቱም ቆብ ጠርዝ እስኪወጣ ድረስ ጫነችው። አያሌው ሞተሩን አስነሳ፤ መኪናው ተንገራግጮ ከአሸዋው ወጣ። አሮጊቷንና ሌሎቹን ከጆንያዎቹ ላይ ጫኗቸው።

ዋጃ ሲደርሱ ሰዉ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተቀምጦ ነበር፤ መጨረሻው አይታይም። ደምሴ ጆንያዎቹን ማውረድ ጀመረ። ኡሙሰልማ ከጋቢናው ወረደች።

«ወዴት ነው?» አላት አባቷ።

«ጌጤን ልፈልግ።»

«ብታገኚያትስ ምን ትያታለሽ?»

«አላውቅም» አለች።

ሰዎቹ ብዙ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ነጠላቸውን ተከናንበዋል። ከሩቅ አይቶ መለየት አይቻልም። ኡሙሰልማ ከመጀመሪያዋ ሴትዮ ፊት በርከክ ብላ ፊቷን አየች፤ ቀጥሎ የሕፃኑን፣ ቀጥሎ የሽማግሌውን። ከማንም ዓይን ዓይኗን ሳታሸሽ ወደሚቀጥለው አለፈች።