የፋማጉስታው ብራና

እታገኘሁ ጋዜጣውን ሳመችው። ከዚያ ግንባሯን አስነካችው።

ዓምሃ ክው አለ። በኦስሎ ማዕከላዊ ባቡር ጣቢያ፣ በቀትር፣ በነጻ የሚታደል ጋዜጣ የሚሳለም ሰው የለም።

«ምን ነካሽ፣ እኅቴ?»

«ቅዱስ ነገር ሳልሳለም እንዴት ልስጥዎ?»

ጋዜጣው ውስጥ ስድስት ቅጠል ብራና አለ። ፋማጉስታ በምትባል የቆጵሮስ ወደብ የኖረ አበሻ መነኩሴ በ1373 እ.ኤ.አ. የጻፈው ነው። የጄኖዋ መርከቦች ከተማዋን ሲይዙ፣ መነኮሳቱ መጻሕፍታቸውን አዝለው ሲበተኑ። እታገኘሁ ያወጣችው ላምበርትሴተር ሰፈር ከምታጸዳው የጥንታዊ መጻሕፍት ሰብሳቢ ቤት ነው፤ ቅጠል በቅጠል ሊቸበችበው ነበር። ዓምሃን የምታውቀው የደብር ጸሐፊ ነው ብላ ነው። ካርቱም ያለው ባሏ ወደ ኖርዌይ የሚያስገባውን ወረቀት እየጠበቀ ነው። ፖሊስ ስሟን ከጻፈ ያ ሁሉ አበቃ።

አምዱ ሥር አንድ ሰው አፍጥጦባቸዋል።

ስልኩ ነዘረ። የስለላ አለቃው ገነነ ነው።

«ሸማኔ፣ ይዘሃል?» አለው በምስጢር ስሙ።

«ይዣለሁ። ግን እየታየን ነው።»

«የሰብሳቢው ሰው ነው። እኔ ነኝ የጠራሁት። የብራናው ማህደር ቦርሳዋ ውስጥ አለ አይደል? እሷን ሲይዙ አንተ ትወጣለህ።»

ማህደሩን በካርቶን ሞልታ ለብቻው እንድትይዝ ጠዋት የነገራት ራሱ ዓምሃ ነበር። ለጥንቃቄ መስሎት። የሰላይ ሞኝ አይጣል ነው።

ሁለት ፖሊሶች መጡ። ቦርሳዋን ከፈቱ። የተሰፋውን የቆዳ ማህደር ሲያወጡ የሰብሳቢው ሰው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ዓምሃ ጠቆመ።

«ይህቺን ሴት ታውቃታለህ?» አለው አንዱ ፖሊስ በኖርዌይኛ።

«ናይ፣ አላውቃትም።»

እታገኘሁ ቀና ብላ አየችው። ገባት። አንድ ቃል ብትተነፍስ ጋዜጣው ይገለጣል።

«ናይ» አለች እሷም። «እኔም አላውቀውም።»

ዓምሃ ጋዜጣውን በብብቱ ይዞ ወጣ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ራሱን የናቀበት ጊዜ የለም።

ቶየን ሰፈር ገነነ ብራናውን ተቀብሎ ቆጠረ። ስድስት።

«ጎበዝ» አለው።

«ባሏስ?»

«የማን ባል?»

ብራናው በሳምንቱ አዲስ አበባ ገባ። የባሏ ማመልከቻ ተራው ሳይደርስ በወሩ ተዘጋ። ያን ቀን ዓምሃ መሐል ከተማ፣ ሐብታሙ የሚል የሐሰት መታወቂያ አንጠልጥሎ፣ እንደ እሷ ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ የቢሮ ደረጃ ይወለውል ነበር። ሰዎች እግራቸውን አንስተው አለፉት።