ምንም አልቀባንም

«ምን አለችኝ?» አለች ሙኒራ።

ድምጿ በሹክሹክታ ነው የሚወጣው። እንቅርቷ በቀዶ ጥገና ከወጣላት ገና አምስት ቀኗ ነው። ሐኪሙ «ድምፅሽ ቀስ እያለ ይመለሳል» ብሏታል፤ እስኪመለስ ድረስ ግን የምትለውን ለመስማት አፏ ሥር መጠጋት ያስፈልጋል። ከውሰር ተጠግታለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ዛሬ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ቡላኦስ ወዳለው ክሊኒክ የመጣችው ለእናቷ ልታስተረጉምላት ነው።

ሙኒራ ጅቡቲ ከገባች ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ፈረንሳይኛ አትሰማም። ሶማሊኛዋ ቲማቲም ለመግዛት ይበቃል፤ ስለ አንገት ቁስል ለማውራት አይበቃም። ከውሰር ግን ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ እዚሁ አክስቷ ዘንድ ስላደገች ፈረንሳይኛው አፏ ላይ ነው።

«ቁስሉ ላይ የቀባችሁት ነገር አለ ወይ ነው የምትልሽ» አለች ከውሰር።

«እንግዲህ ንገሪያታ። የጥቁር አዝሙድ ዘይት ከማር ጋር። አክስትሽ ሐምዲያ የሰጠችን። የሚጎዳ ከሆነም ጠይቂያት።»

ነርሷ ጓንት ያጠለቀ እጇን አንስታ መልስ ትጠብቃለች። ከውሰር አፏን ከፈተች። ልትናገር ነበር፤ ግን ዓይኗ መስኮቱ ጥግ ወዳለችው ጠረጴዛ ሄደ። እዚያ የነርሷ ልጅ ሁዳ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ሁዳና ከውሰር አንድ ክፍል ነው የሚማሩት።

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው። ባለፈው ወር ሁዳ በእረፍት ሰዓት ልጆቹን ሰብስባ፣ «እናቴ ጋ የሚመጡት ሐበሻ ሴቶች ቁስላቸው ላይ የማይቀቡት የለም» ብላ አውርታ ነበር። «ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ዘይት። ሎሚ ቢጨመርባቸው ሰላጣ ይወጣቸዋል!» ሁሉም ሳቁ። ከውሰር ደግሞ ከሁሉም አስበልጣ ሳቀች። ያ አልበቃት ብሎ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «እኛ ቤት እንደዚህ ዓይነት ፋራ ነገር የለም» ብላ ጨመረችበት።

አሁን ሁዳ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እያየቻት ነው።

«ኖን፣ ማዳም» አለች ከውሰር በፈረንሳይኛ። «ምንም አልቀባንም።»

«ጎበዞች» አለች ነርሷ። «ትንሽ ቀላ ብሏል፤ የሙቀቱ ነው። ደረቅ ይሁን።» ንጹህ ፋሻ ለጠፈችና ከአራት ቀን በኋላ እንዲመለሱ ነገረቻቸው። ሁዳም ወደ ሒሳቧ ተመለሰች።

ሚኒባስ ውስጥ ሙኒራ የልጇን ክንድ ነካ አደረገች። «ስለ ዘይቱ ምን አለች?»

«ምንም አላለችም።»

ይቺ እንኳን ውሸት አልነበረችም። ነርሷ ስለማታውቀው ዘይት ምን ትላለች? ግን ሙኒራ የገባት ሌላ ነው። «አልሐምዱሊላህ፣ ካልከለከለችንማ ጥሩ ነው» ብላ ተደላደለች። ከውሰር ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጆሮዋ ድረስ ግላለች።

ካርቲየ 7 ቢስ የሚባለው ሰፈር ያለው ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። አባቷ ባሺር ዕቃ ሊያመጣ ድሬዳዋ ሄዷል፤ ቤቱን የያዘችው እህቱ ሐምዲያ ናት። ሐምዲያ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ድምጿ ከሁለት መንገድ ማዶ ይሰማል። ያቺን የዘይትና የማር ብልቃጥ ስታመጣ ሙኒራ ቁስሏን ለማሳየት ብታቅማማ፣ «ተይ አቦ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም!» ብላ ፋሻውን ያስነሳቻት እሷ ናት። ክፋት የላትም። ሦስት ልጆቿን በዚያው ዘይት ነው ያሳደገችው፤ እሷን የጠየቃት ሁሉ ይህንኑ ይሰማል።

የምትቀባው ግን ሐምዲያ አይደለችም። የሐምዲያ ዓይን ቅርብ አያይም፤ ሙኒራ ደግሞ የራሷን አንገት ማየት አትችልም። ስለዚህ ሁልጊዜ ማታ ማታ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ከውሰር ጣቷን ብልቃጡ ውስጥ ነክራ ስፌቱ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ታስኬደዋለች። ሙኒራ ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ቀና ታደርግላታለች። ሁለቱ ለሰባት ዓመት ያህል በስልክ ነው የተዋወቁት ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ እንዲህ የተቀራረቡበት ጊዜ የለም። ከውሰር ያንን ሰዓት ትወደው ነበር። ይኼ ነው የባሰው ነገር።

ከክሊኒኩ በተመለሱ ማግስት ዘይቱን ቀነሰችው። ቀጥሎ ጣቷን ሳትነክር የቀባች መሰለች። ግን ሐምዲያ ቅርብ ባታይም ሽታ አያመልጣትም። «የት አለ ዘይቱ? በደንብ አድርጊበት እንጂ፣ የሰው ቁስል ነው!» ስትላት ነከረች፤ ቀባች። «አክስቴ፣ ማዳም ከልክላለች» ማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ግን አንዱን ውሸት ለማቅናት ሌላ ውሸት መሆኑ ነው፤ እውነቱን ማውጣት ደግሞ ከመነሻው መጀመር ይጠይቃል። መነሻው ላይ ሰላጣው አለ፤ ሳቋ አለ።

በሦስተኛው ቀን የስፌቱ ዳር አበጠ። ሙኒራ ከሻርፗ ሥር እየደጋገመች ትዳብሰዋለች፤ መብራት ሲጠፋና ማራገቢያው ሲቆም ደግሞ ላቡ ያቃጥላታል። ማታ ላይ ትኩሳት ያዛት። «ሁለተኛ እዚያ አልጋ ላይ አያስተኙኝ እንጂ ሌላውን እችለዋለሁ» አለች። ማደንዘዣውን ነው የፈራችው። ያኔ ስትነቃ ለብዙ ሰዓት ራሷን አላወቀችም ነበር፤ የከውሰርን ስም እንኳ ረስታ «ይቺ ልጅ የማን ናት?» ብላ ጠይቃለች። ከውሰር ይህንን ለማንም አልተናገረችም።

በአራተኛው ቀን ክሊኒኩ ገቡ። ነርሷ ፋሻውን ስታነሳ ሽታው ቀድሞ ወጣ። ከስፌቱ መሐል ቢጫ መግል ቋጥሯል፤ ዙሪያው ቀይ ነው። ሁዳ ዛሬም ጥጓ ላይ ናት። አፍንጫዋን አልያዘችም፤ ዝም ብላ ዓይኗን ደብተሯ ላይ ተከለች። ብትስቅ ይሻል ነበር። ከውሰር በእናቷ አንገት አፈረች፤ ወዲያው ደግሞ በእናቷ አንገት በማፈሯ አፈረች።

ነርሷ ሐኪሙን ጠራችው። ሐኪሙ መነጽሩን ወደ ታች አድርጎ አየ፤ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ሙኒራ ትንፋሿን ዋጠች።

«ምንም የተቀባ ነገር የለም?» ሲል ነርሷን ጠየቃት።

«የለም። ባለፈው ጠይቄያቸዋለሁ» አለች ነርሷ፤ ወደ ከውሰር እየጠቆመች። «ይቺ የልጄ ጓደኛ ናት። ጎበዝ ልጅ ናት፤ በደንብ ነው የምታስተረጉመው።»

ሐኪሙ አሰበ። «ከላይ የነካው ነገር ከሌለ ከውስጥ ነው የመጣው ማለት ነው። ነገ ጠዋት አስተኝቼ እከፍተዋለሁ። ለእናትሽ ንገሪያት፤ ዛሬ እዚህ ታድራለች።» ይህን ብሎ እጁን ሊታጠብ ሄደ።

«ምን አለ?» አለች ሙኒራ።

ከውሰር ነገረቻት። ነገ ጠዋት፣ ማደንዘዣ፣ እንደገና መክፈት። ሙኒራ አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ሻርፗን ጭኗ ላይ አጣጠፈችው፤ ፈታችው፤ እንደገና አጣጠፈችው።

«ደህና» አለች በዚያ በማይሰማ ድምጿ። «አባትሽ ጋ ደውዪና ዛሬውኑ ይሳፈር። የእህቴ ቁጥር ስልኬ ውስጥ አለ፤ ለሷም ደውለሽ ንገሪያት። ደግሞ ሻንጣዬ ታች በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ቀሚስ አለ። ያንቺ ነው። ለዒድ ነበር የደበቅሁልሽ፤ ምናልባት ካልነቃሁ እንዳይቀርብሽ ብዬ ነው የምነግርሽ።»

ከውሰር አሁን ገባት። እናቷ እየተሰናበተቻት ነው። የምትሰናበታትም እሷ አንዲት ቃል ባለመናገሯ ነው። ሁዳ ታውቅ አታውቅ፣ ክፍሉ ሁሉ ይስቅ አይስቅ፣ ይህ ሁሉ ከዚያ ቀሚስ አጠገብ ሲቀመጥ በጣም ትንሽ ሆነባት። ትንሽ ሆነ እንጂ አልጠፋም። ተነሳች።

ሐኪሙ ቧንቧውን እየዘጋ ነው።

«ሙሲዬ» አለች በፈረንሳይኛ። «ቀብተናል።»

ሐኪሙ ዞረ። ነርሷም ዞረች። ሁዳ ቀና አለች።

«የጥቁር አዝሙድ ዘይትና ማር። ከቀዶ ጥገናው ሦስተኛ ቀን ጀምሮ፣ ሁልጊዜ ማታ። ትናንትም።»

«ማን ነው የቀባት?» አለች ነርሷ፤ መልሱን የምታውቀው መስሏት ፊቷን አኮማትራለች። «አሮጊቶቹ ናቸው አይደል?»

ሐምዲያን መስጠት ይቻል ነበር። ማንም አይጠራጠርም፤ ብልቃጡም የሷ ነው።

«እኔ ነኝ» አለች ከውሰር። «በእጄ። እናቴ ያን ቀን ንገሪያት ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ የደበቅሁት።»

ከውሰር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች፤ መሬቷ ግን ሴራሚክ ናት፤ ንቅንቅ አላለችም። ሐኪሙ ተመልሶ ቁስሉን እንደገና ተመለከተ፤ በዚህ ጊዜ ረጅም ሰዓት ወሰደበት።

«ይህማ ሌላ ነገር ነው» አለ በመጨረሻ። «መጀመሪያ ይታጠባል፤ ከመግሉ ናሙና እንወስዳለን። ነገ አልከፍትም። ሁለት ቀን እናየዋለን፤ ካልቀነሰ ግን እከፍተዋለሁ። ቃል አልገባም።»

ነርሷ አዲስ ጓንት እያጠለቀች ከውሰርን አየቻት። አልጮኸችባትም። «እናትሽ እንደዋሸሽኝ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«በይ ንገሪያት። እኔ አማርኛ አልችልም። ብነግራት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አልችልም።»

እውነትም ማንም አይችልም። ከውሰር «ነገ አይከፍቱሽም፤ ሐኪሙ ሐሳቡን ቀየረ» ብትል በዚያው ያልቃል። ሙኒራ ትደሰታለች፤ ትመርቃታለች ሁሉ።

ከውሰር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እማ። ባለፈው ስለ ዘይቱ ንገሪያት ስትዪኝ አልነገርኳትም። ምንም አልቀባንም ነው ያልኳት። አሁን ነገርኳቸው። ነገ አይከፍቱሽም፤ ሁለት ቀን ያዩሻል። መከፈቱ ግን ላይቀርም ይችላል።»

ሙኒራ አየቻት። «ለምን?»

«አፍሬ ነው።»

«በማን?»

ከውሰር ሁዳን አላየችም። «ባንቺ» አለች። «ባንቺ አፍሬ ነው፣ እማ።»

ሙኒራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ነርሷ ጋዙን ስትነክር፣ መቀሱ ትሪው ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ከውሰር እናቷ እንድትቆጣት ጠበቀች፤ ወይም ግድ የለም እንድትላት።

«ሌላ ማወቅ ያለብኝ ነገር ካለ አሁን ትንገረኝ» አለ ሐኪሙ።

ከውሰር አስተረጎመች። ሙኒራ ከግድግዳው አልዞረችም። ከዚያ እጇ ወደ ኋላ መጥቶ የልጇን ዩኒፎርም ጫፍ ያዘና ሳበው። ከውሰር ጎንበስ ብላ ተጠጋቻት።

«ለቁስሉ ያዘዘልኝን ክኒንም ከሦስት ቀን በፊት አቁሜዋለሁ» አለች ሙኒራ። «ሆዴን ሲያመኝ ሻርፔ ውስጥ እየቋጠርኩ ጣልኩት። ልትቆጡኝ ነው ብዬ አፍሬ ነው ያልነገርኳችሁ። እሱንም ንገሪው። ሳትቀንሺ።»

ከውሰር ቀና አለች። ሁዳ እያየቻት ነው፤ ነርሷም እያየቻት ነው። ጉንጯን በእጅጌዋ ጠረገችና ለሐኪሙ ሁሉንም ነገረችው፤ ሆዷን እንዳመማት፣ ስንት ቀን እንደሆነ፣ ሻርፑንም ጭምር።