የሙጋል ገበታ

የሰሌቅ ወንዝ በአንድ ቀን ደረቀ። ሴቶች እንስራቸውን ይዘው ሲወርዱ ዓሦቹ ጭቃው ላይ አፋቸውን ይከፍቱና ይዘጉ ነበር። በዚያው ዕለት የቤተ መቅደሱ ነቢይት እንዲህ ብላ አረፈች፦ «ውሃውን የያዘው የተራራው ግዙፍ ሙጋል ነው። ሙጋል በብረት አይሞትም፤ በጨዋታ ይረታል።»

ለሳርማን መንግሥት ከዚህ የከፋ ትንቢት አልነበረም። በሳርማን ሹመት የሚቀበል ሰው ሁሉ የልጅነት መጫወቻውን በአደባባይ ይቀብር ነበር። ከዚያ ወዲያ ሲጫወት የተገኘ ሹም ማዕረጉን ይገፈፋል፤ በችሎት የሳቀ ይገረፋል። ንጉሡም ትንቢቱን ንቆ ሦስት ጊዜ በጦር ዘመተ። ከሦስተኛው ዘመቻ አልተመለሰም።

ዙፋኑ ለሃያ ሁለት ዓመቷ ልጁ ለቴራን ተረፈ። በጉድጓዶቹ የቀረው ውሃ ለአርባ ቀን ብቻ የሚበቃ ነበር። ሙጋል የሚጫወተው ገበታ ነው ይባላልና፣ ቴራን አሥር ምርጥ ወታደሮች ገበታ እንዲማሩ አዘዘች። የሚያሠለጥኗቸው ሽማግሌው የጦር አበጋዝ ፊታውራሪ ደርሶ ነበሩ። እሳቸው የሚያውቁት የማስተማሪያ መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ጠጠር ለተሳሳተ አሥር አለንጋ፣ ለተሸነፈ ሃያ። በሃያ ቀን ውስጥ ወታደሮቹ የገበታን አካሄድ ሁሉ በቃላቸው ያዙ።

«ፊታውራሪ፣ ልጆቹ እኮ ጥርሳቸውን ሊነቀሉ የተሰለፉ መሰሉ» አለ የቴራን ባል አዝመር። አዝመር ሸክላ ሠሪ ነበር፤ ሹመት ሲሰጠው እምቢ ያለ ብቸኛው ሰው።

«አንተ ዝም በል! ይህ የአገር ጉዳይ ነው፤ የአንተ ጭቃ አይደለም።»

«ጭቃም እኮ በአለንጋ ድስት አይሆንም።»

«አዝመር፣ በሰው ፊት አታሳፍረኝ» አለች ቴራን።

ቴራንና አዝመር ከፊታውራሪና ከአሥሩ ወታደሮች ጋር በደረቀው ወንዝ ውስጥ ስድስት ቀን ወደ ላይ ተጓዙ። ግራና ቀኝ የቆሙት ገደሎች ሰማዩን አጥብበውት ነበር። በየመታጠፊያው ውሃ ፍለጋ የወጡ ከብቶች አጥንት ተከምሯል። ከሙጋል ዋሻ ደጃፍ ሲደርሱ ፊታውራሪ ደርሶ ጎራዴያቸውን መሬት ላይ ተክለው ማሉ፦ «በአባቶቼ አጥንት! ሰሌቅ ሳይፈስ እኔ ከዚህ አልመለስም።»

ሙጋል እንደ ዝንጀሮ ተቀምጦ ጠበቃቸው። ቁመቱ ሦስት ፎቅ ያህላል፤ ቆዳው አለት ነው፤ ዓይኖቹ ግን እንደ ሕፃን ዓይን የጠሩ ናቸው። በዙሪያው የሦስቱ ዘመቻ ጦር ድንጋይ ሆኖ ቆሟል። ቴራን ጎራዴውን ግማሽ መዝዞ የቀረውን አባቷን አየች፤ ፊቷን ግን አልመለሰችም።

«ሕጌ አጭር ነው» አለ ሙጋል። «የተሸነፈ ድንጋይ ይሆናል። ያሸነፈ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፤ እሰጠዋለሁ።»

አሥሩ ወታደሮች ተራ በተራ ተቀመጡ። አንድም አልተሳሳቱም፤ አሥሩም ተሸነፉ። ሙጋል ገበታውን አያይም ነበር፤ የሚያየው ፊታቸውን ነው። «መሸነፍ የሚፈራ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ከእጁ በፊት ፊቱ ይነግረኛል» አለ እያዛጋ። ከእነሱ በኋላ ፊታውራሪ ደርሶ ተቀመጡ። የመጨረሻዋ ጠጠር ስትወሰድባቸው ወደ ድንጋዮቹ ዞረው «ልጆቼ፣ ይቅር በሉኝ» አሉ፤ እንደዞሩም ቀሩ።

አዝመር ማንንም ሳያስፈቅድ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ።

«እንዴት ሰነበትህ፣ ጌታው? የሚያጫውት ሰው ያጣህ ትመስላለህ።»

ጠጠሮቹን ማንም በማይሄድበት መንገድ ዘራ። ሲሳሳት ጉልበቱን መትቶ ሳቀ። «ይህችን ደግሞ ከየት አመጣሃት? እስቲ ድገምልኝ!» ሙጋል ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ወደ ገበታው መለሰ። ጨዋታው ረዘመ። አዝመር በአንዲት ጠጠር ተሸነፈ።

ሙጋል እንዲህ ያለ ጨዋታ ከተጫወተ ብዙ ዘመኑ ነበርና አልቸኮለም። ድንጋይነቱ ከአዝመር እግር ጀምሮ ቀስ እያለ ወጣ።

«ተቀመጪ፣ ቴራኔ» አለ አዝመር።

«አልችልም። ከተሸነፍኩ አገሩ...»

«አገሩን ለጊዜው እዚያ አስቀምጪው።»

ተቀመጠች። ጠጠሮቹን ደጋግማ ቆጠረች። ድንጋዩ የአዝመርን ወገብ አልፏል።

«በሠርጋችን ማግስት ፈረስ ላይ ወጥቼ ፊቴን ወደ ጭራው ያዞርኩት ትዝ ይልሻል?»

«ላስቅሽ ብዬ ነው ብለኸኛል።»

«ዋሽቼሻለሁ። አወጣጡን አላውቅበትም ነበር።»

ቴራን ሳቀች። ከነገሠች ወዲህ ስቃ አታውቅም፤ ሳቋ ዋሻውን ሞላው። እንባዋን ስትጠርግ ገበታው ሌላ መሰላት፤ ልጅ የጉንዳን ሰልፍ እንደሚያይ አየችው። ይህ ወዴት ይሄዳል? ያኛውን ብተወውስ? ሙጋል ፊቷን ቢያጠና ምንም አላገኘበትም፤ እሷ ራሷ ገና አላወቀችውም። በሦስት ጠጠር አሸነፈችው።

«ጠይቂኝ። አንድ ነገር ብቻ።»

ድንጋዩ የአዝመር አንገት ላይ ደርሷል። ዓይኖቹ ገና ሕያው ነበሩ። ቴራን አላየቻቸውም።

«ውሃውን» አለች።

ተራራው ከውስጡ አጉረመረመ፤ ሰሌቅ በዋሻው ጎን ፈንድቶ ወደ ሳርማን ወረደ። ዞር ስትል አዝመር ድንጋይ ሆኖ ነበር።

«ሌላ ዙር መጫወት ትችያለሽ» አለ ሙጋል። «ካሸነፍሽ እሱን እሰጥሻለሁ።»

ጠጠሮቹን አነሳች። እጇ በአየር ላይ ቀረ። ሙጋል ዓይኑን ከገበታው ወደ ፊቷ አዞረና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አሁን ፊትሽ እየነገረኝ ነው። ብትዘሪያቸው ትሸነፊያለሽ።»

ቴራን አንድ በአንድ መልሳ አስቀመጠቻቸው።

ሠላሳ ዓመት ገዛች። በሸንጎዋ የተሳሳተ አማካሪ አይገረፍም፤ «እስቲ ደግሞ በዚህ በኩል እንሞክረው» ትለዋለች። በእሷ ዘመን ቦዮች ተቆፈሩ፣ እርሻዎች ለሙ። ሰዎች ከልባቸው የምትስቅ ንግሥት አለችን ይሉ ነበር።

በየዓመቱ አንድ ቀን ግን ብቻዋን ወደ ተራራው ትወጣለች፤ ገበታው ፊት ተቀምጣ ጠጠሮቹን በእጇ ትይዛለች።

«ዘንድሮስ?» ይላታል ሙጋል።

«ዘንድሮም አልቻልኩም።»

በነጠላዋ ጫፍ ከአዝመር ትከሻ ላይ አቧራውን ትጠርግና ትወርዳለች።