በሩ ላይ የቀሩት አምስት ጣቶች

ሰው ሰውን ሲክድ ያለ ነው። እሷን መጀመሪያ የካዳት ግን ማሽን ነው።

የምትሠራው በአንድ ሆቴል ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነበር። ሌሎቹ አንሶላውን ማጠቢያ ውስጥ ይከታሉ፣ ያወጣሉ። የእሷ ድርሻ ማጠቢያው ያቃተውን እድፍ በእጅ ማስለቀቅ ነው። የወይን ጠጅም ሆነ የከንፈር ቀለም በእሷ ጣትና በበረኪና ይለቃል። ጓንት ሰጥተዋታል፤ እሷ ግን እድፍ የሚታወቀው በጣት ጫፍ ነው እያለች ኪሷ ውስጥ ትከተዋለች። ጠዋት ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ በሩ አጠገብ ባለችው ትንሽ ማሽን ላይ ጣቱን አሳርፎ ይገባል። አንድ ቀን ማሽኗ «አልታወቀም» አለቻት። ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ ደገመች። አሁንም «አልታወቀም»። ተቆጣጣሪው ስቆ ስሟን በደብተር ጻፈላት። እሷም አብራው ሳቀች።

ነገሩ ሳቅ መሆኑ የቀረው የመኖሪያ ካርዷ ጉዳይ ሲመጣ ነው።

ባሏ የቤት ዕቃ ቀቢ ነው። የተገናኙትም በቀለም ሰበብ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የሆቴሉ ክፍሎች ሲታደሱ እሱ የቁም ሣጥን በር ቫርኒሽ እየቀባ ነበር። እሷ እስከ ዓይኗ የደረሰ የአንሶላ ክምር ታቅፋ ገባች። የምንጣፉ ጫፍ አደናቀፋትና ላለመውደቅ እጇን ሰደደች። ቀኝ መዳፏ እርጥቡ በር ላይ ተለጠፈ።

«‹አትንኩ› የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ እኮ» አላት።

«አንሶላ ዓይኔን ጋርዶኝ ወረቀት ላንብብልህ?» አለች፣ እጇን ሳታነሳ።

«እሺ፣ አሁን አንሺዋ።»

«ባነሳው የባሰ ይበላሻል ብዬ ፈርቼ ነው።»

ተያዩ። እጇን ስታነሳ አምስት ጣቶቿ ከነመስመራቸው በሩ ላይ ቁልጭ ብለው ቀሩ። የሙያው ደንብ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ እንደገና መቀባት ነው። እሱ ግን ብሩሹን ሲያነሳ ሲያስቀምጥ፣ ሲያነሳ ሲያስቀምጥ ዋለ። መጨረሻ ላይ በሩን ነቅሎ ወደ ቤቱ ወሰደና ለሆቴሉ ሌላ ሠራለት።

ይህን ያወቀችው እናቱን ሊያስተዋውቃት ቤቱ በወሰዳት ቀን ነው። መኝታ ቤቱ ውስጥ የቆመው ቁም ሣጥን አንዱ በሩ ነጭ፣ አንዱ ቡናማ ነበር።

«ይኼኛው ምን ሆኖ ነው?» አለችው።

«እሱማ አንቺ ነሽ።»

ከዚያ ወዲህ እሷን «አምስቷ» ይላታል፤ እሷ ደግሞ «ቫርኒሽ» ትለዋለች። በተዋወቁ በስምንት ወራቸው ተጋቡ።

እሱ የአገሩ ዜጋ ነው፤ እሷ ለሥራ ከሌላ አገር የመጣች። ትዳሩ በፍቅር ቢቆምም ኑሮው የሚቆመው በወረቀት ነበርና፣ በሚስትነቷ የመኖሪያ ካርድ ይሰጣት ብለው አመለከቱ። የጋብቻ ምስክር ወረቀት አስገቡ፣ ፎቶግራፍ አስገቡ፣ እናቱም የምስክርነት ደብዳቤ ጻፉ። ባልና ሚስቱ ለየብቻ ክፍል ገብተው ማን በየትኛው በኩል እንደሚተኛ እንኳ ተጠየቁ፤ መልሳቸው ገጠመ። አረንጓዴዋን ካርድ ለመጨበጥ የቀረው የጣት አሻራ ብቻ ነበር።

አሻራ የሚያነሳው ሰውዬ የእሷን ጣቶች ተራ በተራ መስታወቱ ላይ እየተጫነ ቢሞክር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነበት።

«ምንም የለም» አላት። «ከአሥሩ አምስቱ እንኳ ቢነበብ ይበቃ ነበር። እጅሽን አሳርፊና በቀጠሮ ተመለሽ።»

እዚህ ላይ ነው ያንን ስህተት የሠራችው፤ ሌላ ሰው አይሠራውም፣ እድፍ ለቃቂ ካልሆነ። በሁለተኛው ቀጠሮ ጠዋት፣ ለመንግሥት ንጹሕ እጅ ይዤ ልቅረብ ብላ፣ ጣቶቿን በረኪና ውስጥ ዘፍዝፋ ፈተገቻቸው። ማሽኑ ጭራሽ እጅ መቀመጡንም አላወቀ። ሰውዬው ወረቀት ሰጣት። ሦስተኛውና የመጨረሻው ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ያን ቀን ካልተነበበ ማመልከቻው ይዘጋል፤ እሷም በሠላሳ ቀን ውስጥ ከአገር ወጥታ እንደ አዲስ ከውጭ ታመለክታለች። ያ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የጠየቁት ሰው ሁሉ ትከሻውን ነቀነቀ።

ባሏ የሰማ ቀን አልተቆጣም። እጆቿን በሁለት እጁ ይዞ አገላብጦ አያቸው። ጣቶቿ እንደ ሻማ ልስልስ ብለው ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ ውኃ የለ፣ ሳሙና የለ፣ ምንም የለ» አላት። «ሁሉን እኔ እሠራለሁ።»

ያለውን አደረገ። ሰሃን አጠበ፣ ልብስ አጠበ፣ የልብሷን ቁልፍ ቆለፈላት፣ ጠጉሯን አሰረላት፤ ሲያስር እንደ ብሩሽ እጀታ ጠፍሮ ስለሚያስረው ግንባሯ ተወጥሮ ይውላል። ማታ ማታ ቅባት ይቀባታል፤ መጀመሪያ አንድ እጅ፣ ሲደርቅ ሁለተኛ፣ ልክ እንደ ሥራው። እንዲህ ያለ ባል እያላት ደስ ሊላት በተገባ ነበር። ደስም ይላታል። ግን አንድ ነገር መጥቶ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት የገበያ አዳራሹ የመስታወት በር፣ ለሁሉ ሰው ራሱ የሚከፈተው፣ ለእሷ አልተከፈተም። ቆመች፣ ወደ ኋላ ብላ ተመለሰች፣ እጇን አወዛወዘች። አንዲት አሮጊት ከኋላዋ ሲመጡ ወዲያው ተከፈተ። ከዚያ የሆቴሉ ተቆጣጣሪ ስሟን ደብተሩ ላይ መጻፍ ረሳ፤ ስታስታውሰው «ውይ፣ መጥተሻል እንዴ?» አላት፤ ከውኃ ለመራቅ ወደ ካውያ ተዛውራ ግማሽ ቀን አጠገቡ አንሶላ ስትተኩስ ቆይታ። ውኃ የጠጣችበትን ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። የማንም እጅ ያልነካው ይመስላል።

ከሁሉ የከፋው ግን የአማቷ ነገር ነው። እማማ አብረዋቸው የሚኖሩና የሚወዷት ሴት ናቸው፤ ልጃቸውን የሚቆጡትም በእሷ ወግነው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ለምሳ ማዕድ ሲያቀርቡ ሁለት ማንኪያ አስቀመጡ።

«እማዬ፣ ሦስት ነን» አለ ልጃቸው።

እሳቸው ወንበሯን አዩት። ያዩት ወንበሩን ነው እንጂ እሷን አይደለም። «ሰው ትጠብቃለህ እንዴ ልጄ?» አሉት፤ ወዲያው ደግሞ ደንግጠው ግንባራቸውን መቱ። «ምን ነካኝ! ልጄ፣ ይቅር በይኝ፣ እርጅና ነው።»

«ምንም አይደል እማማ» አለች። ሦስተኛውን ማንኪያ ግን ራሷ ተነስታ አመጣች።

ያን ቀን ከሰዓት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ባሏን ጠየቀችው።

«አንተም ትረሳኛለህ?»

«እኔ? በምን ዕዳዬ?»

«ቀልድ አይደለም ቫርኒሽ። እየለቀቅሁ ነው። እድፍ ሲለቅ አውቃለሁ እኮ፣ ሥራዬ ነው። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ነው የሚሄደው።»

እጇን ያዘና ጨለማ እስኪሆን ሳይለቃት ተቀመጠ።

ቀጠሮው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ባሏ ከሥራ ገባ። እሷ መኝታ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ ነበረች። «አምስቷ!» እያለ ገባና ፊት ለፊቷ ቆመ። ዓይኑ በላይዋ አለፈ። «አምስቷ?» ወጥቶ ማድ ቤት አየ። ተመልሶ መጣ።

«እዚህ ነኝ» አለች።

አልሰማም። አልጋውን አየ፣ መጋረጃውን ገለጠ። ፊቱ እየገረጣ ሄደ። እሷ ልትነሳ ፈለገች፤ ፍርሃት እግሯን ያዘው። እሱ እንደ ታወረ ሰው ግድግዳ እየዳሰሰ ሄዶ ቡናማው በር ላይ ደረሰ፤ እጁንም አምስቱ ጣቶች ላይ አሳረፈ። እንዲያ እንዳለ ትንፋሹን ሰብስቦ ዞረ። አያት።

«እዚያ ነበርሽ?»

«ከጠዋት ጀምሮ።»

መጥቶ ጉልበቷ ላይ ወደቀ። ትልቅ ሰው ነው፣ ትከሻው ሰፊ፤ ሲያለቅስ ወንበሩ አብሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። ምን ያህል እንደምትወደው የዚያን ዕለት አወቀች፤ ምክንያቱም የፈራችው ከአገር መባረሩን ሳይሆን በዚህ ሰው ዓይን አለመታየቱን ነበር።

በቀጠሮው ቀን ማለዳ ስትነቃ ባሏ በሩን ከማጠፊያው እየፈታ ነው።

«ምን ልትሆን ነው?»

«ይዤው እሄዳለሁ። ያበጠው ይፈንዳ።»

በብርድ ልብስ ጠቀለለው፣ በገመድ ጀርባው ላይ አሰረው፤ መንገደኛው ሁሉ እየዞረ አየው። እሷን ማንም አላያትም። መሥሪያ ቤቱ ሲደርሱ ጥበቃው መንገድ ዘጋ።

«ምንድን ነው የተሸከምከው?»

«በር።»

«በር ይዞ በበር የሚገባ ሰው ዛሬ ገና አየሁ። ምን ሊያደርግልህ?»

«ማስረጃ ነው። የሚስቴ ጉዳይ ነው።»

«ሚስትህ ታዲያ የት ናት?»

ጥበቃውና እሷ በክንድ ርቀት ላይ ነበሩ። ባሏ እጇን ሳይለቅ «አብራኝ ናት» አለና የመሥሪያ ቤቱን በር እየገፋ ገባ፤ እሷም በእሱ ጥላ ተከተለች።

የዚያን ቀን ተረኛዋ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ትልቅ ሴት ነበሩ። ዶሴውን ገለጡ።

«ባለቤትህ አልመጡም? ዛሬ የመጨረሻው ነው እኮ ልጄ። ካልመጡ እዘጋዋለሁ።»

«መጥታለች። አንድ ነገር ላሳይዎት ይፍቀዱልኝ።»

ብርድ ልብሱን ፈቶ በሩን ጠረጴዛው ላይ አጋደመ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አጠለቁና ጎንበስ ብለው አምስቱን ጣቶች ተመለከቱ።

«ይኼ የማን ነው?»

«የእሷ ነው። ሦስት ዓመቱ። ስንተዋወቅ የነካችው ነው።»

«ቆንጆ ነው» አሉ፣ እውነታቸውን ነው። «ግን እኔ በር ላይ ያለ አሻራ መቀበል አልችልም። ሕጉ የሚቀበለው በሕይወት ያለ እጅ ነው።»

«አምስቷ» አለ ባሏ ቀስ ብሎ፣ «እጅሽን አሳርፊ።»

ጣቶቿን በጣቶቿ ላይ ገጠመች። ልክ ነበሩ። መጀመሪያ እንጨቱ ቀዘቀዛት፤ ቀጥሎ ሞቅ አለ፤ ከዚያም ደም የራቀው እጅ ደሙ ሲመለስለት እንደሚወጋው ከጣቶቿ ጫፍ እስከ ክርኗ ወጋት። የቫርኒሽ ሽታ መጣ፣ ገና ዛሬ እንደተቀባ። ሦስት ዓመት የደረቀ ቀለም ሊሸት አይገባውም።

ቀና ስትል ሴትዮዋ አፍጥጠው እያዩዋት ነው።

«አንቺ መቼ ነው የገባሽው?»

«ከእሱ ጋር።»

ሴትዮዋ ሌላ አልጠየቁም። ማሽኑን ወደ እሷ ገፉ። «በይ ቀኝ እጅሽን።» አውራ ጣት። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ሌባ ጣት፣ አረንጓዴ። መሃል ጣት። የቀለበት ጣት። ትንሿ ጣት። አምስቱም አረንጓዴ። ግራ እጇን አንድም አላነበበም።

«አምስት ይበቃል» አሉ ሴትዮዋ፣ ማኅተሙን እያነሱ። «ካርዱ በፖስታ ይደርስሻል። በሩን ግን ቶሎ አውጡልኝ፣ እባካችሁ።»

ሲወጡ ጥበቃው «እንዴት አደርሽ እናቴ» ብሎ መንገድ ለቀቀላት። እሷ አለቀሰች።

ቤት ገብተው ባሏ በሩን ሊመልስ ብርድ ልብሱን ፈታ። በሩ ከዳር እስከ ዳር ለስላሳ ነበር። አምስቱ ጣቶች የሉም፤ እንደነበሩ የሚያሳይ ጉድፍ እንኳ የለም። እጁን እየወሰደ እየመለሰ ዳሰሰው።

«ሰጠኝ» አለች እሷ። «ሦስት ዓመት አስቀምጦልኝ ነበር።»

«እኔስ? አንድ ቀን እንደገና ብትጠፊብኝ ምን ይዤ እፈልግሻለሁ?»

ይህንን ሲል ድምፁ የሕፃን ድምፅ ሆነ። ወጥቶ የቫርኒሽ ጣሳና ብሩሽ ይዞ ተመለሰ፤ በሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ቀባው። ከዚያ ወረቀት ቀደደና «እርጥብ ነው፣ አትንኩ» ብሎ ጽፎ አናቱ ላይ ለጠፈ። ጥግ ይዞ ቆመ።

እሷ ወረቀቱን በዚህኛው ጊዜ በደንብ አነበበችው፤ ጮክ ብላ ነው ያነበበችው። እጇን ልትዘረጋ ስትል ፍርሃት ያዛት፤ በሩ ጣቶቿን እንዳይወስዳቸው፣ እንደገና እንዳትለቅ። ባሏን አየችው። ብሩሹን እንደያዘ፣ ደረቱና ጉንጩ ቡናማ ቀለም ብቻ ሆኖ ያያታል፣ እሷን ራሷን። መዳፏን በሩ ላይ ለጠፈች።

ስታነሳው ጣቶቿን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ መረመረች። መስመሮቹ ከነቫርኒሹ እጇ ላይ አሉ። በሩም ላይ አሉ።

ማድ ቤት በኩል የአማቷ ድምፅ ተሰማ። «ኧረ እናንተ ልጆች፣ ሾርባው ቀዘቀዘ። ሦስት ማንኪያ ካስቀመጥኩ ቆየሁ።»