ሰማይ ያረሰው ባምላኩ

ወይንእሸት ላፕቶፑን ከፍታ ስታይ መስመሩ በነጥቦቹ ሁሉ ላይ ዝንፍ ሳይል አልፏል። ትናንት ቢቸና ላይ ሊያስለቅሳት ምንም ያልቀረው መስመር ዛሬ ሞጣ ሲደርስ ጨዋ ሆኗል።

«ባምላኩ፣ ምን አድርገህ ነው?»

ባምላኩ ከጋሽ ፋንታ ጠጅ ቤት የተዋሷቸውን ሁለት ብርሌዎች በሹራቡ እየወለወለ ነበር። «አስተካከልኩት። ዝም ብለሽ አመስግኚኝ።»

ለሳይንስ ውድድሩ ይዘውት የመጡት ሥራ እንዲህ ነው። አንድ ኮከብ በሌላው ፊት ሲያልፍ ስበቱ የኋለኛውን ብርሃን አጉብጦ ይሰበስበዋል፤ የኋለኛውም ለጥቂት ሳምንታት ደምቆ ይታያል። የሚያልፈው አንድ ኮከብ ከሆነ የብርሃኑ መስመር አንድ ኮረብታ ሠርቶ ይወርዳል። መንታ ከሆኑ ግን መስመሩ ከጠጅ ቤት እንደወጣ ሰው ይንገዳገዳል፤ እዚህም እዚያም ጉብታ ያወጣል። የፊዚክስ መምህርታቸው እፀገነት በቴሌስኮፕ የተለካውን ብርሃን በነጥብ፣ መስመሩን የሚሥለውን ሶፍትዌር ጨምረው በፍላሽ ሰጥተዋቸዋል። የመንታዎቹን ክብደትና ርቀት እየቀያየሩ መስመሩን ከነጥቦቹ ጋር ማስማማት የልጆቹ ሥራ ነው። ወይንእሸት ከአራት ነጥቦች በቀር ሁሉንም አስማምታ ነበር።

«መስመሩ ወደ ነጥቦቹ አልሄድ ሲል» አለ ባምላኩ፣ «ነጥቦቹን ወደ መስመሩ አመጣኋቸው። አራት ብቻ ናቸው።»

«የተለኩ ናቸው እኮ። ሰው ብርድ እየመታው የለካቸው።»

«ታዲያ ማን ወጥቶ ያረጋግጣል? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽም?»

«አንተ ግን አረስከው።»

ባምላኩ ሳቀ፤ እሷ ተናደደች። ግማሹ ንዴት በራሷ ላይ ነው፤ መስመሩ አምሯት ነበርና። ያሸነፈ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ እሷ ደግሞ ጣናን አይታ አታውቅም። ባምላኩማ ለእናቱ ዓሣ ቃል ገብቷል። እናቱ እትዬ በዛብሽም በበኩላቸው ለጎረቤቱ ሁሉ ቃል ገብተዋል። ዓሣው ገና ጣና ውስጥ እየዋኘ ቢቸና ላይ ተከፋፍሎ አልቋል።

ትናንት የሠራችው፣ ነጥቦቹ ያልተነኩበት ፋይል ግን ኪሷ ውስጥ ባለው ፍላሽ ላይ ነበር።

ዳኛው ሽበታም መምህር ናቸው፤ ከልጆቹ ጎን የቀረበውን የፀሐይ ምድጃ አይተው ጨረሱና ወደ እነሱ መጡ። ብርሌዎቹን ሲያዩ ቆም አሉ።

«ተማሪዎች ናችሁ ወይስ ጠጅ ነጋዴዎች?»

«ባዶ ናቸው ጋሼ» አለ ባምላኩ ቶሎ ብሎ። «አሽትተው ማየት ይችላሉ።»

ዳኛው አሸተቱ። «እውነት ነው» አሉ፤ «ያሳዝናል።»

ወይንእሸት የስልኳን መብራት አብርታ ብርሌዎቹን እንደ መንታ ኮከቦቹ አንድ በአንድ በፊቱ አሳለፈች። ወፍራም መቀመጫቸው ብርሃኑን ሰብስቦ ግድግዳው ላይ ሲያደምቀው ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መልካም። እስቲ መስመራችሁን አሳዩኝ።»

እጇ ወደ ኪሷ ገባ። ባምላኩ አያት፤ በዓይኑ ለመናት። ይህ አልበቃ ሲለው ድምፅ ሳያሰማ በከንፈሩ ብቻ «ዓሣው» አለ።

ፍላሹን ሰካች። መስመሩ ብቅ አለ፤ አራቱ ነጥቦች አፈንግጠው ከጎኑ ቆመዋል።

ዳኛው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ስክሪኑ ቀረቡ። «ሁሉም ገጥሟል?»

ወይንእሸት አፏን ሳትከፍት ባምላኩ በረጅሙ ተነፈሰና ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ።

«አራቱ እምቢ ብለዋል ጋሼ። እነዚህ ናቸው። ለምን እንደሆነ ገና አላወቅንም።»

ከዚያ ወደ ወይንእሸት ጆሮ ዘንበል አለ።

«ለእማዬ ግን አንቺው ንገሪያት።»